ወደ ብሪታኒ ከመጓዝዎ በፊት የባሕሩን ሰዓት ይወቁ
በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ የባሕር ዳርቻ ዕረፍትዎን ለማሳለፍ ካሰቡ፣ ሆቴል ከመያዝዎም አስቀድሞ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ይመልከቱ። በሴንት ማሎ ከተማ የሁለቱ የከፍታ ልዩነት አንዳንድ ጊዜ 12 ሜትር ስለሚያልፍ፣ ጠዋት ሰፊ አሸዋ የነበረው ስፍራ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ በውኃ ተሸፍኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ደራሲው ሻቶብሪያን ወደተቀበረባት ግራን ቤ ደሴት በእግር መሻገር የሚቻለው ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው፤ ውኃው መመለስ ሲጀምር ፈጥኖ ያልወጣ ጎብኚ (ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው በተለይ) እዚያው ለሰዓታት ለመቆየት ይገደዳል። በሰንጠረዡ ላይ ከ20 እስከ 120 የሚደርስ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ባሕሩ ርቆ ይሸሻል፣ ከፍ ብሎም ይመለሳል። ሰዓቱ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ የትናንቱን ለዛሬ አይጠቀሙ።