አፖዚቲቭን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በትክክል ለመጠቀም

አፖዚቲቭ ከአንድ ስም አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ ስም በሌላ አጠራር የሚገልጽ ስም ወይም ስማዊ ሐረግ ነው። እኛ ደሴ ላይ «የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን አሠሩ» ስንል ገላጩ ይቀድማል፤ ኮማም አንፈልግም። እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ ያስከትለዋል፦ «ኪንግ ሚካኤል, ዘ ፋዘር ኦፍ ልጅ ኢያሱ, ቢልት አይጠየፍ.» ተማሪ በተለይ ሁለተኛውን ኮማ ይረሳል፤ ያኔ ገላጩ የት እንዳበቃ አይታወቅም።

ለመለማመድ መጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ኮምቦልቻ ኢዝ አን ኢንዱስትሪያል ታውን. ኮምቦልቻ ኢዝ ዋርመር ዛን ደሴ.» ከመጀመሪያው «ኮምቦልቻ ኢዝ» የሚለውን ሰርዙና ቀሪውን በሁለት ኮማ መካከል አስገቡት፦ «ኮምቦልቻ, አን ኢንዱስትሪያል ታውን, ኢዝ ዋርመር ዛን ደሴ.» «አን» የምትለዋን አትጣሉ። ከሁለተኛው ኮማ በኋላም «ኢት» አትጨምሩ፤ ባለቤቱ ኮምቦልቻ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ባለቤት ይኖረዋል። ከዚያ አፖዚቲቩን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ። የቀረው ራሱን ችሎ ካልቆመ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ኮማ የማይገባበት ቦታ ነው። «ማይ ብራዘር አሕመድ ሊቭስ ኢን ደሴ.» ያለ ኮማ ሲጻፍ ተናጋሪው ከአንድ በላይ ወንድም አለው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ስሙ ነው። አሕመድ በሁለት ኮማ ከታጠረ ግን ያለው ወንድም እሱ ብቻ ነው፤ ስሙ ተጨማሪ መረጃ ይሆናል። እናት አንድ ስለሆነች «ማይ ሞዘር» ከሚለው በኋላ ስም ሲመጣ ኮማው የግድ ነው።

ግሱ ምንጊዜም የሚስማማው ከዋናው ስም ጋር እንጂ ከአፖዚቲቩ ጋር አይደለም።