ቡት ሲያደርግ ደርቆ የሚቀር ኮምፒውተር፦ ጥፋቱ የፈርምዌሩ ሲሆን

ይህ ጽሑፍ ራሙን ለፈተሸ፣ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን ላረጋገጠ፣ መጫኛ ፍላሹን ሌላ ማሽን ላይ ለሞከረና ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶም ለውጥ ላላየ ሰው ነው። ይህን ሁሉ አልፋችሁ ሊኑክሱ አሁንም ሳይነሳ የሚወድቅ ከሆነ ከከርነሉ (ከሊኑክሱ እምብርት) ቀድሞ የሚሠራውን ሶፍትዌር፣ ማለትም ፈርምዌሩን (ባዮሱን ወይም ዩኢኤፍአዩን) ጠርጥሩ። ደጋግሞ ፎርማት አድርጎ መጫን እዚህ ላይ አይፈይድም። ስህተቱ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነውና ዲስኩን ብታጠቡት አይወጣም።

ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ፓራሜትሮች ሲተየቡ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። የስር መስመር ምልክቱና (_) የእኩል ይሆናል ምልክቱ (=) እንዳሉ ይገባሉ፤ በመሃል ክፍት ቦታ የለም። የዊንዶውስ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ይሆናል፣ ከቁጥሩ በፊትም ክፍት ቦታ አለ።

መጀመሪያ መልእክቱን ማየት

ግራብ (የሊኑክሱ ማስነሻ) ሜኑ ላይ «ኢ» ፊደልን ተጫኑና «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ። «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን አጥፉ፣ «ኢግኖር_ሎግሌቨል» ጨምሩ፣ ከዚያ በኤፍ10 ቡት አድርጉ። ለውጡ ለአንድ ቡት ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለም። ስክሪኑ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ጥቁር ከሆነ «ኧርሊኮን=ኢኤፍአይኤፍቢ» እና «ኪፕ_ቡትኮን» አክሉ። ጽሑፉ ዓይን ከሚከተለው በላይ ስለሚሮጥ በስልክ ቪዲዮ ቅዱትና አዝግማችሁ ተመልከቱት። እንዲያም ሆኖ የት እንደቆመ ካልታወቀ «ኢኒትኮል_ዲበግ» እያንዳንዱ ተግባር ሲጠራና ሲመለስ ያትማል። ተጠርቶ ያልተመለሰው ነው የሚፈለገው።

ሎጉ ውስጥ «[ፈርምዌር በግ]» የሚል ቅጥያ ያላቸው መስመሮች ታያላችሁ። የከርነሉ ሠሪዎች ራሳቸው ያስገቡት ምልክት ነው። ብዙዎቹ ግን ከርነሉ ስህተቱን አይቶ አስተካክሎ ያለፋቸው ስለሆኑ ከማሽኑ መውደቅ ጋር አይገናኙም። ሁሉንም ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከመውደቁ በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያዙ።

ዋናው፦ ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ መሃል መንገድ ላይ ሲደርቅ

እጄ ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው።

ምልክቱ፦ ቡቱ በደንብ ይጀምራል፣ ከዚያ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይቆማል። ኪቦርዱ ላይ ያለው የካፕስ ሎክ መብራት አይሠራም፤ ወይም ይሠራል ግን ሌላ ምንም የለም። ትንሽ ከጠበቃችሁ «ሶፍት ሎክአፕ» የሚል መልእክት ይመጣና አንዱ ሲፒዩ ለ22 ሰከንድ ያህል ተጣብቆ እንደቆየ ይናገራል። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ዴስክቶፑ ድረስ ይደርስና የፒሲአይ ዕቃዎችን ዝርዝር ስትጠይቁት ወይም ስታጠፉት ይደርቃል። ሦስቱም አንድ በሽታ ናቸው።

መንስኤው፦ ኤሲፒአይ ይባላል፤ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ፈርምዌሩ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሰንጠረዥ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራምም ያስረክባል። ዲኤስዲቲ በሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ኤኤምኤል በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ኮድ አለ። ባትሪውን ለማንበብ፣ ክዳኑን ለማወቅ፣ ሁለተኛውን ግራፊክስ ካርድ ለማብራትና ለማጥፋት ከርነሉ ያንን ኮድ ያስኬዳል። የራሱ ያልሆነ፣ ማን እንደጻፈው የማያውቀው ኮድ ከርነሉ ውስጥ ይሮጣል ማለት ነው።

አሁን ካርዱን የሚያበራውን ኮድ ፈትታችሁ ብታነቡት ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህን ነው፦ ኮዱ ለካርዱ ኃይል ይሰጣል፣ ከዚያ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሩ መነሳቱን የሚያሳየውን ሬጂስተር በ«ዋይል» እየደጋገመ ያነባል። እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ካልተነሳስ? የሙከራ ቆጣሪ የለም፣ የጊዜ ገደብ የለም፣ መውጫ የለም። ካርዱን ድራይቨሩ በሌላ ቅደም ተከተል ካጠፋው መስመሩ አይነሳም፣ ኮዱም እዚያው ይዞራል። በዚህ ላይ የኤኤምኤሉ አስፈጻሚ ቁልፍ ይዞ ስለሚሠራ ኤሲፒአይን የሚነካ ሌላ ሥራ ሁሉ፣ ባትሪው፣ ክዳኑ፣ ማጥፊያው፣ ከኋላው ተሰልፎ ይቀራል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሞተ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቆጣሪ ለመጨመር ሁለት መስመር የሚበቃውን ነገር ሳይጽፉ ለገበያ ማቅረብ ይቅር የሚባል አይደለም።

ታዲያ ዊንዶውስ ላይ ለምን ይሠራል? አንደኛ፣ አምራቹ የሞከረው እሱ ላይ ብቻ ስለሆነ። ሁለተኛ፣ ፈርምዌሩ «ኦኤስአይ» በሚባል ጥያቄ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጠይቃል። «ዊንዶውስ 2015» ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሊኑክስም አዎ ብሎ ይመልሳል። እምቢ ካለ ፈርምዌሮች ጭራሽ ያልተፈተነ ኮድ ስለሚያስኬዱ ነው። አዎ ሲባል ግን ለአዲሱ ዊንዶውስ የተጻፈው የኃይል አያያዝ ይመረጣል። ከርነል 4.8 እ.ኤ.አ. በ2016 የፒሲአይ ኤክስፕረስ ወደቦችን ራሱ ማጥፋት ሲጀምር ያ ኮድ በብዙ ላፕቶፖች ላይ መነካት ጀመረ። ቅሬታውም ከዚያ በኋላ ጎርፍ ሆነ።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉ።

«ኤሲፒአይ=ኦፍ» ብላችሁ ቡት አድርጉ። ከተነሳ ጥፋቱ ኤሲፒአይ ውስጥ እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው። እዚያ ላይ ግን አትቆዩ! ይህ ፓራሜትር መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በዘመናዊ ማሽን ላይ ከሲፒዩው ኮሮች አንዱ ብቻ ሊሠራ ይችላል፣ ባትሪው አይነበብም፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ታችፓዱ ይጠፋል፣ ማጥፋት ስትሉ ኃይሉ አይቆረጥም፣ የማቀዝቀዣውና የሙቀት መቆጣጠሪያው ነገርም ለፈርምዌሩ ምሕረት ይተዋል። ላፕቶፔ ቀርፋፋ ሆነ፣ ይግላል ብሎ የመጣ ሰው ማሽን ስከፍት ይህ ፓራሜትር በቋሚነት ተጽፎ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቦታ አንብቦ ገልብጦ፣ ተነሳልኝ ብሎ ለወራት በአንድ ኮር ሲሠራበት ነበር።

ቀጥሎ እሱን አንሱና «ሞድፕሮብ.ብላክሊስት=ኑቮ» ሞክሩ (ኑቮ የኤንቪዲያ ካርዶች የሊኑክስ ድራይቨር ነው)። ኤሲፒአይ በርቶ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ብቻ ቀርቶ ከተነሳ ችግሩ የካርዱ ማብሪያ ኮድ ነው። ያን ጊዜ ድራይቨሩን መልሱና «ኑቮ.ራንፒኤም=0» ስጡት። ካርዱ ጨርሶ አይጠፋም፣ ስለዚህ የተበላሸው ማብሪያ ኮድ አይጠራም። ዋጋው ባትሪ ነው። ባትሪ የማያሳስባችሁ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ አለቀ።

ባትሪውም ያስፈልገኛል የሚል «ፒሲአይኢ_ፖርት_ፒኤም=ኦፍ» ይሞክር። ከርነሉ ወደቦቹን ማጥፋቱን ይተውና ካርዱ በድሮው መንገድ ይያዛል። ይህም ካልሆነ ፈርምዌሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ መልስ መቀየር ነው፦ «ኤሲፒአይ_ኦኤስአይ=!» እና ከእሱ ቀጥሎ «ኤሲፒአይ_ኦኤስአይ="ዊንዶውስ 2009"»። የመጀመሪያው ሊኑክስ አዎ የሚልባቸውን የዊንዶውስ ስሞች በሙሉ ይሰርዛል፣ ሁለተኛው ዊንዶውስ 7 ነኝ ይላል። 2012 ዊንዶውስ 8 ነው፣ 2013 ደግሞ 8.1፣ 2015 ዊንዶውስ 10። ከአዲሱ ወደ አሮጌው ውረዱና በሠራው የመጀመሪያው ላይ ቁሙ፤ ወደ ኋላ በራቃችሁ ቁጥር ታችፓድ ወይም የስክሪን ብርሃን ማስተካከያ ልታጡ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ስላለ የጥቅስ ምልክቱ ግድ ነው። «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» ፋይል ውስጥ በቋሚነት ስትጽፉት ደግሞ መስመሩ ራሱ በጥቅስ ውስጥ ስለሆነ ከእያንዳንዱ የውስጥ ጥቅስ ምልክት በፊት የኋልዮሽ እዝባር (\) መግባት አለበት። ካልገባ ፓራሜትሩ ለሁለት ይቆረጣል፣ ከርነሉም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሠርቷል ከማለታችሁ በፊት «/ፕሮክ/ሲኤምዲላይን» የሚለውን ፋይል ከፍታችሁ ሙሉ ስሙ መድረሱን አረጋግጡ። ይህ ፓራሜትር አይሠራም ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ፓራሜትሩን ጨርሶ አልሰጡትም ነበር።

ሌላው ደግሞ ፓራሜትር መከመር ነው። አንድ መስመር ላይ «ኤሲፒአይ=ኦፍ» እና «ኤሲፒአይ_ኦኤስአይ» አንድ ላይ ተጽፈው አያለሁ፤ የመጀመሪያው ካለ ሁለተኛውን የሚሰማ የለም። አንድ በአንድ ጨምሩ፣ ያልጠቀመውን አንሱ።

የሌሎቹ ምልክቶች

ገና ሲጀምር የሚወድቅና በወደቀው ዝርዝር ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚል ስም ያለበት፦ ፈርምዌሩ ቡት ካለቀ በኋላ የሚሰጠው የራንታይም አገልግሎት ያስረከበውን ሜሞሪ መልሶ እየነካ ነው። ይህ በሽታ እጅግ የተለመደ ስለነበር ከርነሉ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ያንን ሜሞሪ አድራሻው እስኪቀየር ድረስ ይዞት ይቆያል። አሁንም የሚያመልጥ አለ። «ኢኤፍአይ=ኖራንታይም» ያስነሳዋል። በዚህ ሁኔታ ግን አዲስ የቡት መዝገብ ፈርምዌሩ ውስጥ መጻፍ አይቻልም፤ ቡትሎደሩን በኢኤፍአይ ክፍልፋዩ «/ኢኤፍአይ/ቡት» ማህደር ውስጥ «ቡትኤክስ64.ኢኤፍአይ» ብላችሁ አስቀምጡት።

«አዮ-ኤፒክ + ታይመር» አይሠራም የሚል ፓኒክ (ከርነሉ ራሱን የሚያቆምበት ውድቀት)፦ መልእክቱ ራሱ «ኖኤፒክ» ሞክሩ ይላል። ሞክሩ።

ከ«ዲኤምኤአር» ወይም ከ«አይቪአርኤስ» ቀጥሎ የሚወድቅ፦ የአዮኤምኤምዩ (ዕቃዎች የትኛውን ሜሞሪ እንደሚነኩ የሚቆጣጠረው ክፍል) ሰንጠረዡ የተሳሳተ ነው። «ኢንቴል_አዮኤምኤምዩ=ኦፍ» ወይም «ኤኤምዲ_አዮኤምኤምዩ=ኦፍ»። ዕቃ ለቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ መስጠት ይቀራል።

ኤንቪኤምኢ ዲስክ ወይም ኔትወርክ ካርድ ላይ ኢንተራፕት (ዕቃው ለሲፒዩው የሚልከው ጥሪ) ጠፍቶ የሚቆም፦ «ፒሲአይ=ኖኤምኤስአይ»።

ከርነሉ ተነስቶ ሲስተምዲ (የቀሩትን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ የሚሞት ራይዘን 3000፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያዎቹ ባዮሶች የአርዲራንድ ትእዛዝን (ሲፒዩው የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጥበትን) ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲመልስ አድርገውት ነበር። መድኃኒቱ የባዮስ አፕዴት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሰማያዊ ስክሪን ከኮድ 0ኤክስኤ5 ጋር፦ ያው ኤሲፒአይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከባዮስ አፕዴት ሌላ ብዙ አማራጭ የለም።

ፈርምዌሩን ስትነኩ

አፕዴት ካለ ከፓራሜትር ሁሉ ይበልጣል። ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ አታጥፉት። ስክሪኑ ጠቁሮ ቢቆይ እንኳ ቁልፉን አትንኩ። የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብትለይ ያ ፋይል የእናንተ አይደለም። ከአፕዴቱ በኋላ ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው መልሱ፤ የድሮው እሴት ከአዲሱ ኮድ ጋር ላይስማማ ይችላል።

የፈርምዌሩን ቫሪያብሎች በእጅ አትሰርዙ፣ አትሙሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስ በዩኢኤፍአይ ከተነሳባቸው በኋላ ዳግም እንዳይበሩ ሆነው ሞተዋል፤ ምርመራው ካሳየው አንዱ ምክንያት የቫሪያብል ማስቀመጫው ከልክ በላይ መሙላቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ ጥቂት ቦታ ሳይነካ ይተዋል። ሆኖም ደጋግማችሁ ፓኒክ የምታስደርጉ ከሆነ እያንዳንዱ ፓኒክ የመጨረሻ ሎጉን እዚያው ሊጽፍ ይችላል። በተነሳላችሁ ጊዜ «ፒስቶር» ማህደሩን ክፈቱ፣ ሎጉን ወደ ዲስክ ገልብጡና ከዚያ አጥፉት። ማስረጃውም እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ሁሉም እምቢ ሲል፦ ሰንጠረዡን ማረም

«ኤሲፒአይዳምፕ» ሰንጠረዦቹን ያወጣል፣ «አይኤኤስኤል» ወደሚነበብ ኮድ ይፈታል። መውጫ የሌለውን «ዋይል» ፈልጉ፣ ቆጣሪ ጨምሩበት፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን የሪቪዥን ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ካልጨመረ ከርነሉ አይቀበለውም። መልሳችሁ ኮምፓይል አድርጉና «ከርነል/ፈርምዌር/ኤሲፒአይ» በሚል ማህደር ባልታመቀ ሲፒአዮ (የፋይሎች ጥቅል) ውስጥ አስገብታችሁ ከኢኒትአርዲው (ከርነሉ ሲነሳ መጀመሪያ ከሚጠቀምበት ጥቅል) ፊት ቀጥሉት። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከርነሉ ራሱን ከቆለፈ ይህ አይፈቀድም።

የሠራ ሰንጠረዥ ለዚያ ማሽን፣ ለዚያ ባዮስ ብቻ ነው። ከጓደኛ ማሽን አትገልብጡ፤ ሞዴሉ አንድ ቢሆንም እንኳ። ሰንጠረዡ ውስጥ ፈርምዌሩ በቡት ጊዜ የሞላቸው የሜሞሪ አድራሻዎች አሉ። ባዮስ ሲታደስ ወይም ራም ሲጨመር ይቀየራሉ፣ የድሮው ሰንጠረዥም የማይመለከተውን ሜሞሪ መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ ከማንኛውም እንዲህ ዓይነት ለውጥ በፊት ያስገባችሁትን ሲፒአዮ አውጡ፣ ከለውጡ በኋላ ሰንጠረዡን እንደገና አውጥታችሁ እርማቱን ከአዲሱ ላይ ሥሩ።