የአንድ አዛውንት ገበሬ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲያርሱና የመንደራቸውን ጉዳይ እንደ ግል ጉዳያቸው ይዘው ሲደክሙ የኖሩ አዛውንት ገበሬ ታሪካቸው እንዲጻፍ ሲጠየቁ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ?» ብለው ነው። ይህን የሚሉት ከትሕትና ብቻ አይደለም። የሠሩት ሁሉ ከጎረቤት ጋር በኅብረት የተሠራ በመሆኑ፣ ከሌላው ለይተው «ይህ የእኔ ነው» ማለት በእርግጥ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ታሪካቸውን ሊጽፍ የተነሣ ሰው ስለ ራሳቸው ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ሥራው ቢጠይቅ፣ ሥራው ወዳለበት ቦታ ቢሄድና አብረዋቸው የደከሙትን ቢያነጋግር ይበልጥ ይሳካለታል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚቀዳው ድምፅ ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደሚሰማው፣ የማይፈልጉት ክፍል እንዲወጣ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል፤ ልጆቻቸው መስማማታቸው ብቻ በቂ አይደለም። ቀጠሮው ከዘርና ከአጨዳ ወቅት ውጭ ቢሆን፣ አንዱ ውይይት ከአንድ ሰዓት ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል። በእርጅና ምክንያት የሚመጣ የመስማት ችግር አስቀድሞ የሚያጠፋው ቀጫጭን ድምፆችን ስለሆነ፣ መጮኹ አይጠቅምም፤ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ተቀምጦ ረጋ ባለና ወፈር ባለ ድምፅ መናገር ይሻላል። ለመቅጃ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ ጥሪ እንዳያቋርጠው መስመሩን መዝጋት፣ ከተቻለም ጥራቱ የማይቀንሰውን የ«ዌቭ» ፋይል መምረጥ ይገባል። የተቀዳው ድምፅ በዚያው ቀን በ3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ ተይዞ አንዱ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የሥራው ዋና ክብደት ያለው በጥያቄው ላይ ነው። «ለአካባቢዎ ምን አበረከቱ?» ተብለው የተጠየቁ አዛውንት አንገታቸውን ደፍተው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳሉ። በአንጻሩ የመስኖውን ቦይ ብንወስድ፣ ውሃው ከወንዙ የተጠለፈው በየት በኩል እንደሆነ፣ አለቱ ሲያስቸግር በምን እንደተሰበረ፣ የሌሊት ተራ የሚደርሰው ለማን እንደነበር፣ ተራውን የዘለለ ሰው ምን ይደረግ እንደነበር ቢጠየቁ የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ይሆናል። «ቆፈርነው» ሲሉም ጠያቂው በዚያ አይለፍ፤ የመጀመሪያው ቀን ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን ቤት ለቤት ዞሮ እንደቀሰቀሰ፣ እምቢ ያለውን ሰው ማን እንዳግባባው ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ የዞሩትም ያግባቡትም እርሳቸው ራሳቸው ሆነው ይገኛሉ። ሲያስቡ ዝም ካሉ ደግሞ ዝምታውን በሌላ ጥያቄ መሙላት ክፉ ልማድ ነው፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የበሰለ ነው።

ጉልበታቸው ከፈቀደ አንዱ ውይይት በማሳው ላይ በእግር እየተሄደ ይደረግ። ቤት ውስጥ የረሱት ነገር የድንበሩን ድንጋይ፣ የተናደውን እርከን ወይም ራሳቸው የተከሉትን ዛፍ ሲያዩ ይመጣላቸዋል። የድሮ የእርሻ መሣሪያ ካላቸው እጃቸው ላይ እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ እጀታው የተበላበት ቦታ መዳፋቸው ከሚያርፍበት ቦታ ጋር ሲገጥም የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ፣ ስለ አያያዙ ከሚጻፍ ገጽ ሙሉ መግለጫ የተሻለ ያስረዳል።

ዘመንን በተመለከተ በዓመተ ምሕረት መጠየቅ እምብዛም አያዋጣም። የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዕድሜ የገፉ ሰዎች አብልጠው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት በነበሩበት ጊዜ የሆነውን ነው፤ ሆኖም ቀኑን ሳይሆን ድርቁን፣ ጎርፉን፣ አንበጣውን፣ የበኩር ልጃቸውን መወለድ ይዘው ነው የሚያስታውሱት። ስለዚህ «ቦዩ የተቆፈረው ከድርቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያሉ ቅደም ተከተሉን መሥራት፣ ከዚያም ከመሬት መዝገብ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ቃለ ጉባኤና ከዝናብ መለኪያ ጣቢያ መረጃ ጋር ማመሳከር ይገባል። ፀሐይ የጨለመችበትን የዘር ወቅት ቢያነሡ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የግርዶሾችን ቀን ለሺህ ዓመታት ወደ ኋላ አስልተው በሠንጠረዥ አውጥተዋል።

ስለ ዘር ሳይጠይቁ መመለስ ትልቅ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ እንደተከፈተው ያሉ ማከማቻዎች ዘሩን በቅዝቃዜ ያቆያሉ፤ የትኛው ዘር በየትኛው አፈር እንደሚስማማ፣ ዝናብ ሲዘገይ በምን እንደሚተካ፣ ለዘር የሚቀረው ፍሬ በምን ምልክት እንደሚመረጥ ግን የሚያውቁት እኒህ አዛውንት ናቸው። የዘሩን ስም እርሳቸው በሚጠሩበት አጠራር፣ የመሬቱንም ስፋት በራሳቸው መለኪያ መጻፍ፣ ወደ ሄክታር የተለወጠውን ከጎኑ ማስፈር ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፎች የሚዘነጋው የባለቤታቸውና የልጆቻቸው ቃል ነው። እርሳቸው ሲያስታርቁ፣ ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ፣ የራሳቸውን ማሳ ማን ያርም ነበር? ከብቱን ማን ይጠብቅ፣ ለሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ማን ያበስል ነበር? ለሕዝብ የተሰጠ ሕይወት ዋጋውን በአብዛኛው የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፤ ይህ ያልተጻፈበት ታሪክ ለእርሳቸውም እውነተኛ አይሆንላቸውም። በእርሳቸው ሽምግልና የተፈረደበትን ሰው ማነጋገርም ያስፈልጋል። ያ ሰው ቅር እንደተሰኘ ከሆነ ቅሬታው ከእርሳቸው መልስ ጋር ይጻፍ፤ አንባቢ የሚያምነው ተሳስተው ያውቁ እንደነበር የተነገረላቸውን ሰው ነው። ታሪክ ጸሐፊው አለን ኔቪንስ እ.ኤ.አ. በ1948 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቃል ታሪክ መሰብሰብ ሲጀምሩ በይበልጥ ያተኮሩት በታወቁ መሪዎች ላይ ነበር፤ ዘዴው ወደ ሠራተኛውና ወደ ገበሬው በስፋት የወረደው በኋላ ነው። ስለዚህ ገበሬውን የመሪ ዓይነት ሙገሳ ማልበስ አያስፈልግም።

ረቂቁ ሲያልቅ ማንበብ ቢችሉም ባይችሉም በጎረቤቶቻቸው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ባልንጀራን የሚያዋርድ፣ ያለፈ የድንበር ጠብ የሚቀሰቅስ ወይም በምሥጢር የተነገራቸው ነገር ካለበት እንዲወጣ መጠየቃቸው አይቀርምና፣ ያለ ክርክር ሊወጣ ይገባል። እርማታቸው ከገባ በኋላ አንድ የታተመ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ከድምፁ ጋር በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ በሽፋኑ ውስጥም የተነገረበት ቀን፣ የጠያቂው ስምና ባለታሪኩ የፈቀዱት የአጠቃቀም ወሰን ይጻፍበት።