ዱቄቱ ገና አንቴና አይደለም፦ በናኖ ሴራሚክ ሥራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ሴራሚክ ማስተማር ትንሽ ያሳፍራል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ሲሉ ወለቃን ያገኛሉ። እዚያ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጭቃና እሳትን ከእኛ በላይ ያውቁታል። እኛ ነጭ ጋዋን ለብሰን ከምንሠራቸው ስህተቶች ግማሹን እነሱ አይሠሩትም።

ይህን የምጽፈው ለአነስተኛ የማይክሮዌቭ አንቴና የሚሆን ናኖ ሴራሚክ (ቅንጣቶቹ በናኖሜትር ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ከሚለኩ ዱቄት የሚሠራ ሴራሚክ) እንሠራለን ብለው ለሚነሡ ተማሪዎች ነው። አብዛኛውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ።

ሴራሚኩ ለምን እንዳስፈለገ በአጭሩ ልበል። ዋይፋይ በሚሠራበት 2.45 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት አየር ላይ 12.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሞገድ አንቴና ቢሠሩ 6.1 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሞገዱ ሴራሚክ ውስጥ ሲገባ ግን ያጥራል። የሚያጥረው በፐርሚቲቪቲው፣ ማለትም ቁሱ የኤሌክትሪክ ኃይልን ምን ያህል እንደሚያከማች በሚነግረው ቁጥር፣ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ፐርሚቲቪቲው 9.8 ገደማ የሆነው አሉሚና ያንን 6.1 ወደ 2 ሴንቲሜትር ያወርደዋል። 37 የሆነ ሴራሚክ ደግሞ ወደ 1 ሴንቲሜትር።

የመጀመሪያው ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ስሌት ነው። ተማሪው «ታዲያ ሺህ የሆነውን ለምን አልወስድም?» ይላል። ባሪየም ታይታኔትን ያገኛል፤ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ፐርሚቲቪቲው ሺዎችን ያልፋል። ማይክሮዌቭ ላይ ሲደርስ ግን ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አንቴና ሠራሁ ያለው ሰው ትንሽዬ ምድጃ ሠራ ማለት ነው። ብክነቱ ባይኖር እንኳ ሌላ ችግር አለ። አንቴና ባነሰ ቁጥር የሚሸፍነው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ይጠባል። ይህን የአንቴና ተመራማሪዎቹ ዊለር በ1947፣ ቹ በ1948 (እ.ኤ.አ.) አሳይተውናል፤ በቁሳቁስ ብልጠት የሚታለፍ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ከፐርሚቲቪቲው ጎን ሎስ ታንጀንቱን፣ ማለትም የብክነቱን መለኪያ፣ ሳያዩ ቁሳቁስ አይምረጡ። ለጀማሪ ከ10 እስከ 40 ያለው የፐርሚቲቪቲ ክልል ይበቃል።

ሁለተኛው፣ ናኖ ሆኖ የገባ ናኖ ሆኖ ይወጣል ብሎ ማመን ነው። 30 ናኖሜትር የነበረ ዱቄት 1300 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ከቆየ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተዋዋጡ ማይክሮሜትር ይደርሳሉ። ተማሪው ግን የዱቄቱን የኤክስሬይ ውጤት ይዞ «ናኖ አንቴና» ብሎ ይጽፋል። እውነቱን እንነጋገርና፣ የናኖው ዋና ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ደቃቅ ዱቄት በዝቅተኛ ሙቀት ይበስላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከሴራሚኩ ጋር አብሮ እሳት የሚገባው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የብር መስመር 961 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከ900 በታች የሚበስል ሴራሚክ ከተገኘ ብሩም ሴራሚኩም በአንድ እሳት ያልቃሉ። አሉሚና ብቻውን 1500 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ሦስተኛው መጓጎል ነው። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዱቄቱ ጥሩ ሆኖ፣ ውሃው ፈልቶ፣ አንዴ ከጓጎለ በቃ፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ናኖ ዱቄትም እንደዚያው ነው። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ መጣበቅ ይወዳሉ። ጓሉ እንዳለ ከተጨመቀ፣ እሳት ላይ ጓሉ ለብቻው ይኮማተርና ዙሪያው ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጓጉለው ሲደርቅ ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹን እየሳበ ያጣብቃቸዋል። የመጨረሻውን እጥበት በኢታኖል ማድረግ ብዙ ይረዳል። ከዚያ በወንፊት መንፋት። «ናኖ በወንፊት ይነፋል እንዴ?» ብሎ የሳቀብኝ ነበር። ወንፊቱ ቅንጣቱን ለመለየት አይደለም፣ ጓሉን ለመያዝ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። ጀበና በደንብ ሳይደርቅ እሳት አይነካም። እኛ ግን ዱቄቱን በማያያዣ ፖሊመር ለውሰን፣ እንክብል አድርገን ጨምቀን፣ ነገ ሪፖርት አለ ብለን በደቂቃ 10 ዲግሪ እንለቅበታለን። ማያያዣው ቀስ ብሎ ተቃጥሎ መውጣት አለበት። እስከ 600 ዲግሪ ድረስ በደቂቃ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይበቃል። ካለበለዚያ ጋዙ መውጫ ሲያጣ እንክብሉን ይሰነጥቀዋል።

አንድ ቀን ታይታኒየም ያለበት እንክብል 1300 ዲግሪ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ምድጃው ሳንቆጣጠረው በፍጥነት ቀዘቀዘ። እንክብሉ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስንሰብረው እምብርቱ ጠቁሯል። ታይታኒየም በከፍተኛ ሙቀት ኦክስጅን ያጣል፤ በዝግታ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይወስዳል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን አይመለስለትም፣ ብክነቱም ያሻቅባል። ለዚያ ጥቁር እምብርት መፍትሔው እንደገና አየር ላይ አሙቆ በዝግታ ማቀዝቀዝ ነው። ለመብራቱ ግን መፍትሔ የለኝም። ምድጃውን ሌሊት ማስነሣት ጀመርኩ፣ ያው ነው።

እሳት ላይ ሴራሚክ ይኮማተራል፤ በአንድ ጎን 15 በመቶ ገደማ የተለመደ ነው። 10 ሚሊሜትር እንዲወጣ የሚፈልጉትን 11.8 አድርገው ይጭመቁ። እዚህ ላይ «ግማሽ ሚሊ ምን ያመጣል?» የሚል አለ። ከ10 ሚሊሜትር ግማሽ ሚሊ 5 በመቶ ነው፤ መጠኑ በ3 በመቶ እንኳ ከተሳሳተ ፍሪኩዌንሲው በ73 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሸሻል። የዋይፋዩ ባንድ (የተፈቀደለት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 83.5 ሜጋኸርዝ ነው። ግማሽ ሚሊ ማለት እንግዲህ ከባንዱ ወጥቶ መቅረት ነው።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር እንዴት እንደሆነች ታውቋታላችሁ፤ ልብስ እንኳ አይደርቅም። ውሃ በማይክሮዌቭ ላይ ፐርሚቲቪቲው 80 አካባቢ ነው፣ ብክነቱም ከባድ። ቀዳዳ ያለው ሴራሚክ ያንን እርጥበት ይጠጣል። አንድ ናሙና በግንቦት ሌላ፣ በሐምሌ ሌላ ውጤት ሰጥቶኝ መሣሪያውን ስወቅስ ነበር። ጥፋተኛው የኔው ቀዳዳ ነው። ጥግግቱን ውሃ ውስጥ በመመዘን ይለኩ፤ ቀዳዳ ባይኖረው ከሚኖረው ጥግግት 95 በመቶ ካልደረሰ ወደ አንቴናው አይሂዱ። ገና ሲጀመርም እርጥበት ያታልላል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከአየር ውሃ ይስባል። ሳይደርቅ ከመዘኑት የከፈሉት ለውሃው ነው፤ እርጥብ ማገዶ በኪሎ እንደ መግዛት።

ልኬት ላይ የማየው ጥፋት አንድ ነው፤ በ1 ሜጋኸርዝ ለክቶ ለ2.45 ጊጋኸርዝ መጠቀም። በ1 ሜጋኸርዝ የሚንቀሳቀሱ ቻርጆች አሉ፣ ማይክሮዌቭ ላይ ግን ሊከተሉ አይችሉም። ቁጥሩም አብሮ ይወድቃል። እንክብሉን በሁለት ብረት ሰሌዳዎች መሐል አድርጎ የሚለካው የሃኪና ኮልማን ዘዴ ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። የኔትወርክ አናላይዘር (የማይክሮዌቭ ምልክት የሚለካ መሣሪያ) ያለበት ቦታ ፈልጎ ናሙናን ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

ሙቀትን መርሳትም አለ። ማግኒዥየም ታይታኔት ሲሞቅ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፣ ካልሲየም ታይታኔት ይወጣል። የመጀመሪያው 95፣ ሁለተኛው 5 በመቶ ሆነው ሲደባለቁ ይካካሳሉ፤ ፐርሚቲቪቲውም 20 አካባቢ ይሆናል። ከዚህ ቀላል መነሻ አላውቅም።

ሴራሚኩን ከመሬት ሰሌዳው (ከአንቴናው ሥር ከሚሆነው ብረት) ጋር ሲያያይዙ ደግሞ ከሥሩ አየር አይተዉ። የፀጉር ያህል ክፍተት ፍሪኩዌንሲውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሙጫም ቢሆን በስሱ። ታቹን በአሸዋ ወረቀት ያስተካክሉ።

ማስክ ያድርጉ። ባሪየም ካርቦኔት ለአይጥ መርዝነት ያገለገለ ነገር ነው፤ ከቡና ሲኒ አጠገብ አይቀመጥም።

አንድ የረሳሁት። እንክብሎቹን በእርሳስ ቁጥር አይጻፉባቸው። እርሳስ ካርቦን ነው፣ ይቃጠላል። ስድስት ቅንብር ሠርቼ፣ በጥንቃቄ ከ1 እስከ 6 ጽፌ፣ በማግስቱ ስድስት ነጭ እንክብሎች አወጣሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አሁን ምድጃው ከመዘጋቱ በፊት አደራደራቸውን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ።