ጆርጅታውን ሆቴል ስትይዙ የምትሰሯቸው ስህተቶች (እኔም ሰርቻቸዋለሁ)

ሜይ በመጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ፣ ቴክሳስ ያለ ጓደኛ፣ ጀርመን ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ ያው ነው፣ «ዲሲ ልንመጣ ነው፣ ጆርጅታውን ውስጥ ደህና ሆቴል የቱ ነው?» ወይ ልጅ ይመረቃል፣ ወይ ሰርግ አለ፣ ወይ ደሞ ኢንስታግራም ላይ ያዩት ቀይ ጡብ ቤትና ባለቀለም በር ልባቸውን ወስዶታል። አልፈርድባቸውም፣ ሰፈሩ ያምራል። በ1751 የትምባሆ ወደብ ሆኖ ሲቆረቆር ዋሽንግተን የሚባል ከተማ ራሱ አልነበረም፣ ቦታው ሜሪላንድ ነበር፣ እና ያ ድሮነቱ እስካሁን መንገዱ ላይ ይታያል። ችግሩ ሰው ሰፈሩን ይወድና ሆቴሉን በደንብ ሳያይ ይይዛል። እኔ ከዲሲ ድንበር ወዲያ፣ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ እንግዳ ስቀበልና ስሸኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስሙን አምኖ መያዝ

ሆቴሉ ስሙ ላይ «ጆርጅታውን» ስላለ ብቻ ጆርጅታውን ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ሰፈሩ በምስራቅ ሮክ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ይወስነዋል፣ በደቡብ ፖቶማክ ወንዝ፣ በምዕራብ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ። ከሮክ ክሪክ ወዲያ ፎጊ ቦተምና ዌስት ኤንድ ነው። ከፖቶማክ ማዶ ያለው ደሞ ጭራሽ ዲሲም አይደለም፣ ሮዝሊን ነው፣ ቨርጂኒያ። ወደ ሰሜን ዊስኮንሲን አቬኑን ይዛችሁ ከወጣችሁ ዳገት ነው፣ ወደ ግሎቨር ፓርክ ይወስዳችኋል፣ ጠዋት ቁልቁል ሲወረድ ደስ ይላል ማታ ጠግባችሁ ስትመለሱ ግን ታገኙታላችሁ።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው፣ ኤም ስትሪትና ዊስኮንሲን የሚገናኙበትን መስቀለኛ (ወርቃማ ጉልላት ያለው ባንክ ያለበት፣ ካያችሁት አትረሱትም) ካርታ ላይ አስገብቼ ከሆቴሉ እዛ ድረስ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ አያለሁ። ከ10 ደቂቃ በታች ከሆነ እውነትም ጆርጅታውን ነው። ከዛ በላይ ከሆነ መጥፎ ነው አላልኩም፣ እንደውም አንዳንዴ ይሻላል፣ ግን የጆርጅታውን ዋጋ አትክፈሉበት።

ሜትሮ አለ ብሎ ማሰብ

ይሄኛው ሁሉንም ሰው ነው የሚይዘው። ጆርጅታውን የሜትሮ (የከተማው ባቡር) ጣቢያ የለውም! ሰው ሲያወራ ሀብታሞቹ ነዋሪዎች «ደሀ እንዳይመጣብን» ብለው አስከለከሉ ይባላል፣ ታክሲ ውስጥ ስንቴ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ፣ ግን ዋናው ምክንያት ምህንድስናው ነው፣ ባቡሩ በፖቶማክ ስር አልፎ ሲወጣ ወንዙ ዳር ያለው ቁልቁለት ጣቢያ ለመስራት አስቸጋሪ ነበር። ለማንኛውም የሚቀርባችሁ ፎጊ ቦተም ነው፣ ከዛ እስከ መስቀለኛው ሩብ ሰዓትም ሀያ ደቂቃም ይፈጃል። ሌላው ሮዝሊን ነው፣ ኪ ብሪጅን በእግር ትሻገራላችሁ፣ ድልድዩ ላይ የክረምት ነፋስ ካገኛችሁ ግን ወዮላችሁ።

ሁለት ነገር ደሞ የድሮ ምክር የሚያነቡ ሰዎችን ያሳስታል። አንደኛው ሰርኩሌተር የሚባለው ቀይ ባስ ነው፣ በ1 ዶላር ከዩኒየን ስቴሽን ጆርጅታውን ድረስ ያመጣ ነበር፣ 2024 ሲያልቅ እሱም አብሮ አበቃ። ሆቴሎች ራሳቸው ገጻቸው ላይ እስካሁን «ሰርኩሌተር በራችን ላይ ይቆማል» ብለው የተዉት አይቻለሁ። ሁለተኛው የሜትሮባስ መስመሮች ስምና ቁጥር ጁን 2025 ላይ በሙሉ ተቀይሯል፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ ከአምስት አመት በፊት የነገራችሁን የባስ ቁጥር እርሱት።

ጥሩው ዜና ከደለስ ኤርፖርት ለሚመጣ ነው። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር ኤርፖርቱ ድረስ ይገባል፣ ሳትቀይሩ ቀጥታ ሮዝሊንም ፎጊ ቦተምም ያደርሳችኋል። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ከአዲስ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፣ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ በዛ ላይ የእጅ ቦርሳ። ያንን ይዞ ሜትሮ ከዛ ሀያ ደቂቃ እግር አይታሰብም። ወይ ሮዝሊን ድረስ በባቡር መጥታችሁ ድልድዩን ብቻ በታክሲ ተሻገሩ፣ ርካሽ ይወጣላችኋል፣ ወይ ዘመድ ያምጣችሁ (እኔን ማለት ነው)።

ከዛ ደሞ ቀኑን የት እንደምታሳልፉ አስቡ። ለሀበሻ እንግዳ ማታው የሀበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ዩ ስትሪት ነው፣ ዘጠነኛው ጎዳና ነው፣ ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ቤት ነው። ከጆርጅታውን እኛ ጋ ለመምጣት በትራፊክ ሰዓት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አራት ቀን በቀን ሁለቴ ኡበር ስትሉ የኡበሩ ብቻ የሌላ ሆቴል ዋጋ ይሆናል።

«ታሪካዊ» የሚለውን ቃል ለክፍሉም መስጠት

ህንጻው ታሪካዊ ነው ማለት ክፍሉ ሰፊ ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ጆርጅታውን ውስጥ ከመንገድ የሚታየውን የህንጻ ገጽታ እንደፈለጉ መቀየር አይቻልም፣ በ1950 የወጣ ህግ አለ፣ ለውጡ በመንግስት ኮሚሽን መታየት አለበት። ሰፈሩ ያልተበላሸውም በዛ ነው። ግን የድሮ ቤት ሆቴል ሲሆን ደረጃው ጠባብ ነው፣ መግቢያው ላይ አምስት ስድስት የድንጋይ ደረጃ ይኖራል፣ ሊፍቱ ካለ ሁለት ሰውና አንድ ሻንጣ ነው የሚይዘው።

እቴቴ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ ለልጇ ምርቃት መጣች፣ እኔ ነኝ ሆቴሉን የያዝኩላት፣ ፎቶው ላይ የእሳት ማንደጃ፣ የእንጨት ወለል፣ ነጭ አንሶላ፣ ልብ የሚሰርቅ ነገር። ስንደርስ መኪና ማቆሚያ ስላልነበረ አንድ ብሎክ ርቀን ወረድን። የእግረኛው መንገድ ጡብ ነው፣ የዛፍ ስር ከስሩ ገፍቶ አንዱን ጡብ ወደላይ አንዱን ወደታች አድርጎታል፣ የሻንጣው ጎማ እየተሰነቀረ እኔ እየጎተትኩ እሷ ነጠላዋን ሰብስባ ክንዴን ይዛ። በሩ ላይ ደረጃ። ውስጥ ደሞ ሪሴፕሽኑ ያለው ልጅ በፈገግታ «ክፍላችሁ ሶስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለንም፣ ታሪካዊ ህንጻ ስለሆነ» አለን። ተረጎምኩላት። ቀና ብላ ደረጃውን አየችና «እኔስ ታሪካዊ አይደለሁ እንዴ» አለች። ሳቅን፣ ግን አራት ቀን ሙሉ ቁርስ ሽቅብ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ሽማግሌ ወይ ህጻን ካላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ በኢሜይል ሳይሆን በስልክ፣ ከመንገዱ እስከ አልጋው ደረጃ አለ ወይ ብላችሁ በዚሁ ቃል። «ሊፍት አላችሁ» ብቻ ካላችሁ አዎ ይሏችኋል፣ ሊፍቱ ግን ግማሽ ፎቅ ከወጣችሁ በኋላ ሊጀምር ይችላል። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይም ጠይቁ፣ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ ክፍል በርካሽ ይሸጣል ግን አይነግሯችሁም። ለሁለት ሰው አንድ ጠባብ አልጋ እንዳይሆን አልጋውንም እዩ። ለሴቶች ደሞ፣ ሂል ጫማ ለፎቶ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፣ በተለይ ኦ ስትሪትና ፒ ስትሪት ላይ የድሮው የትራም ሀዲድ ድንጋዩ መሀል እንዳለ ነው፣ ተረከዝ ይበላል።

ጫጫታውን መርሳት

ኤም ስትሪት ላይ ፊት ለፊት የሆነ ክፍል አርብና ቅዳሜ አይተኛበትም፣ ተማሪው፣ ባሩ፣ ሌሊት የሚጮህ መኪና፣ ጠዋት ደሞ የቆሻሻና የእቃ መኪና። «የወንዝ እይታ» የሚባለው ላይም ጭማሪ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን እወቁ፣ ከሬገን ኤርፖርት የሚነሱት የሚያርፉትም አውሮፕላኖች ፖቶማክን ተከትለው ነው የሚበሩት። ልጆች ይወዱታል። ጄትላግ ያለበት ሰው አይወደውም። ከኤም ስትሪት ሁለት ብሎክ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሆቴል ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

የመጀመሪያውን ዋጋ ማመን

ከሜይ 2025 ጀምሮ ሆቴሎች «አሜኒቲ ፊ»፣ «ደስቲኔሽን ፊ» ምናምን የሚሉትን የግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ አካተው ማሳየት አለባቸው፣ የፌደራል ደንብ ነው፣ ተመስገን። ታክሱን ግን ለብቻው ማሳየት ይችላሉ፣ የዲሲ የሆቴል ታክስ ደሞ 15.95 ፐርሰንት ነው። ለምሳሌ 300 ዶላር ያለው ክፍል ለሶስት ሌሊት 900 መሰላችሁ፣ ታክሱ ሲገባ 1,043 ከምናምን ነው። መኪና ካላችሁ ደሞ ቫሌ (ሆቴሉ መኪናውን ተቀብሎ የሚያቆምላችሁ) በሌሊት 60 ዶላር ቢሆን ሌላ 180። መንገድ ላይ ላቁም ካላችሁ የሰፈሩ ፈቃድ ለሌለው መኪና ብዙው ጎዳና ላይ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ቲኬቱን ሳታዩት ነው የሚለጠፈው። ቁርስ አለው ብላችሁም አትገምቱ፣ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቆንጆ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ቁርስ የሚሰጡት በገንዘብ ነው።

ቀን ማምታታት

ሳቅ ይመጣባችኋል ግን የደረሰብን ነው። ጋሼ ከአዲስ በቴሌግራም «ምርቃቱ ግንቦት 8 ነው» ብሎ ጻፈ፣ ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደሞ ሜይ 8 ያዘች። ግንቦት 8 ሜይ 16 ነው! ርካሽ ነው ብላ የያዘችው ደሞ ካንስል ቢደረግ ገንዘብ የማይመለስበት ነበር፣ ሄደ። የምርቃት ሳምንት ላይ አዲስ ክፍል ስትፈልግ ያገኘችው በእጥፍ ነው፣ እሱም ቢያንስ ሶስት ሌሊት ካልያዛችሁ አንሰጥም ተባለች። በምርቃትና በቼሪ አበባ ሰሞን (ማርች መጨረሻ ኤፕሪል መጀመሪያ) ካንስል ቢደረግ ገንዘቡ የሚመለስ ሪዘርቬሽን በጊዜ ያዙ፣ ትንሽ ቢወደድም፣ በኋላ ዋጋ ከወረደ ትቀይሩታላችሁ።

ሰዓቱም እንደዛው። ጋሼ ኮንፈርሜሽኑ ላይ «ቼክኢን 3:00» የሚለውን አይቶ በኛ አቆጣጠር ሶስት ሰዓት መስሎት፣ አውሮፕላኑም ጠዋት ስላረፈ፣ ከኤርፖርት ቀጥታ ሆቴል ሄዶ ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት ላይ ሪሴፕሽን ፊት ቆመ። 3:00 ማለት በኛ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሎቢው ውስጥ ባርኔጣውን አይኑ ላይ ደፍቶ ስድስት ሰዓት ተኛ፣ ሰራተኞቹ እንደነሱ ጨዋ ባይሆኑ ምን እንደሚሉት አላውቅም። ሻንጣ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ክፍሉ ግን አይገኝም፣ ስለዚህ በጠዋት የሚያርፍ ሰው ካላችሁ ወይ ቀድሞ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ ወይ አንድ ሌሊት አስቀድማችሁ ያዙ።

በሌላ ሰው ካርድ መያዝ

እዚህ ያለ ልጅ በራሱ ካርድ ይከፍልና ለአባቱ «ሁሉም ተከፍሏል» ይላቸዋል። ሪሴፕሽኑ ግን ካርድና ፓስፖርት ይጠይቃል፣ ለሚኒባሩ ለምናምኑ ተብሎ ካርዱ ላይ የሚያዝ ገንዘብ አለ፣ ካሽ አይቀበሉም የሚሉም አሉ። አስቀድማችሁ ደውላችሁ በሶስተኛ ሰው ካርድ ለመክፈል የሚሞላ ፎርም አስልኩ። ስሙም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይጻፍ፣ የአባት ስም በአያት ስም ተቀይሮ፣ ሚስት ደሞ በራሷ አባት ስም ተመዝግባ፣ ሪሴፕሽኑ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ሲፈልግ ሩብ ሰዓት ቆመን እናውቃለን፣ እኔ መኪናውን መንገድ ላይ ደርቤ አቁሜ።