«አይጦቹ መጠጥ ቀነሱ» የሚል ጥናት እንዴት ይነበባል?

አንድ መድኃኒት አይጦችን ከአልኮል እንዳራቀ የሚገልጽ ጥናት ሲያጋጥምዎት፣ አስቀድመው የሚመለከቱት የአልኮሉን ጠርሙስ ሳይሆን የውኃውን ይሁን። የተለመደው ዘዴ ቀላል ነው፤ በእንስሳው ማኖሪያ ሳጥን ክዳን ላይ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ አንዱ ንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ አልኮል ያለበት ውኃ ይይዛል። አይጥ አንዱን ጎን ሊለምድ ስለሚችል የጠርሙሶቹ ቦታ በየጊዜው ይቀያየራል። ጥንቁቅ ተመራማሪ እንስሳ በሌለበት ሳጥን ላይም ጠርሙስ ሰቅሎ የሚንጠባጠበውን ይለካል፤ ትንሽዋ አይጥ በቀን የምትጠጣው ጥቂት ሚሊ ሊትር ስለሆነ የጥቂት ጠብታዎች ስሕተት ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል።

አልኮሉ ቀንሶ ውኃው ካልቀነሰ ደህና ምልክት ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን መድኃኒቱ እንስሳውን አፍዝዞት ወይም አቅለሽልሾት ሊሆን ይችላል፤ አይጥ ደግሞ ማስታወክ ስለማይችል ሕመሙ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ የጣፋጭ ውኃ፣ የምግብና የእንቅስቃሴ ልኬቶች አብረው መቅረባቸውን ይፈትሹ። እኔ እነዚህን ያላካተተ ጥናት ሲገጥመኝ መደምደሚያውን አላምንም።

ቀጥሎ የእንስሳውን ዘርና የመጠጥ ታሪክ ይመልከቱ። ሲ57ቢኤል/6 የተባለው የአይጥ ዘር አልኮል ይወድዳል፤ ዲቢኤ/2 ግን ይሸሸዋል። ለሳምንታት በአልኮል እንፋሎት ጥገኛ የተደረገ አይጥም አልፎ አልፎ ከሚቀምሰው ይለያል። ሲአርኤፍ የተባለው የአንጎል የጭንቀት መልእክተኛ ኬሚካል የሚያርፍበትን ተቀባይ የሚያግዱ መድኃኒቶች ጥገኛ አይጦችን መጠጥ ቢያስቀንሱም፣ በሰው ላይ የተሞከሩት ፔክሳሰርፎንትና ቬሩሰርፎንት የመጠጥ አምሮትን አልቀነሱም።

ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት ተቃራኒው ምሳሌ ነው፤ በእንስሳ የታየው ውጤት በሰውም ተደግሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዝንጀሮዎች ላይ ውጤቱ ታየ፣ በ1992 ሁለት የሰው ሙከራዎች ታተሙ፣ በ1994 ደግሞ በአሜሪካ ለአልኮል ጥገኝነት ሕክምና ተፈቀደ። ከመጀመሪያው ማስረጃ እስከ ፈቃዱ 14 ዓመት እንደወሰደ ልብ ይበሉ።

አሁን ብዙ የሚወራለት የስኳር ሕመምና የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተሙ ጥናቶች የአይጦችን መጠጥ ቀንሷል፤ በ2025 የታተመው የሰው ሙከራ ግን 48 ተሳታፊዎች ብቻ ነበሩት። ከእነርሱም መድኃኒቱን የወሰዱት በጠጡበት ቀን የሚጠጡት መጠንና አምሮታቸው ቢቀንስም፣ የሚጠጡባቸው ቀናት ብዛት ግን ማስመሰያ መድኃኒት ከወሰደው ቡድን የተለየ አልነበረም፤ ዜናውን ሲያነቡ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተጠቅሶ እንደሆነ ይፈልጉ።