ቅርፊቱ የሚላጠው ሜፕል

ይህን ዛፍ መጀመሪያ ያየ ሰው «ታሟል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይላጣል፣ ጫፉ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል፤ ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ደግሞ ልጣጩ ብርሃን ያሳልፋል። ቀለሙ ቁርጥ ቀረፋ ነው፤ ቀረፋም እኮ ቅርፊት ነው። ዛፉ ጤነኛ ነው፣ ተፈጥሮው ነው። ሜፕል ከሚባሉት ዛፎች አንዱ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤሰር ግሪሲየም፣ አገሩ ማዕከላዊ ቻይና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ወደ እንግሊዝ ያስገባው ኧርነስት ዊልሰን የተባለ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነው።

ቅርፊቱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ በርች የሚባለው ዛፍም ይላጣል። ቅጠሉን እዩ። የሜፕል ቅጠሎች ቅርንጫፉ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበቅላሉ፣ የበርች ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነው። የዚህኛው ሜፕል ቅጠል የተለመደው የመዳፍ ቅርጽ የለውም፦ በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ትናንሽ ቅጠሎች ይወጣሉ፣ ጀርባቸውም ግራጫማ ነው። ትራይፍሎረም የሚባለው ዘመዱም ባለ ሦስት ቅጠል ስለሆነ ያደናግራል፤ የእሱ ቅርፊት ግን ሻካራ ነው፣ ወደ ታች እየተሰነጠቀ ይነሳል እንጂ እንደዚህኛው አያብለጨልጭም።

ከዘር አበቅላለሁ ብላችሁ አትድከሙ። እኔ ሠላሳ ዘር ዘርቼ ሁለት ክረምት ጠበቅሁ፤ አንድም አልወጣም። አውጥቼ በመግረዣ መቀስ ስሰነጥቃቸው (ሽፋኑ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው) ውስጣቸው ባዶ ነበር። የዚህ ዛፍ ዘር አብዛኛው እንዲሁ ፍሬ አልባ ነው። ችግኝ ግዙ።

ጉድጓዱን ከሥሩ ጓል ሁለት ሦስት እጥፍ አስፉት፣ ጥልቀቱን ግን አትጨምሩ፤ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። እርጥበት የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማይቋጥር አፈር ይስማማዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ እንዳይጠማው አጠጡት። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ሳይነካ። በጸደይ መባቻ አትግረዙት፤ ፈሳሹ ይንጠባጠባል።

የሚተከልበትን ቦታ ስትመርጡ የማለዳ ወይም የማታ ፀሐይ ከጀርባው የምትመጣበትን፣ እናንተም በየቀኑ የምታልፉበትን ፈልጉ። አዝጋሚ ነው፤ ከ6 እስከ 9 ሜትር ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ደግነቱ ልጣጩን ለማየት ያን ያህል አትጠብቁም፣ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ገና በሁለት በሦስት ዓመታቸው ይጀምራሉ።

ልጣጩን ግን በእጃችሁ አትሳቡ፤ ያልደረሰው ውስጠኛ ቅርፊት አብሮ ይነሳል። እንግዳ ሁሉ እጁ ወደዚያው ስለሚሄድ፣ እኔ ከሥሩ የወደቀውን አንስቼ አስይዘዋለሁ።